ራስ ደጀን፤ በእግር ወይስ በመኪና?

ማኅበራችን የተመሠረተበትን አሥረኛ ዓመት በማስመልከት ለሚታተመው ለዚህ መጽሔት ስለ አገራችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተጠየቅን ጊዜ፣ ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ፣ ስለ ዐድዋና ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥታት ብዙ የተባለ መሆኑን በማሰብ፣ ብዙ ወዳልተባለለት ወደ ራስ ደጀን ተራራ ማምራትን መረጥን። እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ የተማርን ሁሉ ገና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የኢትዮጵያ ከፍተኛው ተራራ ማን ይባላል?» ስንባል «ራስ ዳሽን፤ 4,620 ሜትር» ብለን በቃላችን መልሰናል። ይሁን እንጂ ጎንደር ተወልደው ያደጉትን ጨምሮ ከመካከላችን ተራራውን በዐይኑ ያየ ጥቂት ነው። እዚህ ስትሪትሃም የተወለዱት ልጆቻችን ደግሞ ከትምህርት ቤታቸው ጋር ወደ ዌልስ እየሄዱ ስኖውደንን ወጥተው ይመለሳሉ፤ ዳሽንን ግን የሚያውቁት በባንክና በቢራ ስም ነው።

በስብሰባዎቻችን ላይ የጋራ ጉዞ ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚነሣው ክርክር አንድ ነው። ወጣቶቹ «በእግር ካልሆነ ምኑን ወጣነው?» ይላሉ። ጉልበታቸው የደከመ አባቶችና እናቶች ደግሞ «መኪና የሚደርስ ከሆነ እኛም ሳንሞት እናየዋለን» ይላሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአቅምና የምርጫ ጉዳይ ይመስላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን በእግርና በመኪና መካከል ያለው ጥያቄ ከእኛ ይልቅ ተራራው ሥር የሚኖረውን ሕዝብ የሚነካ፣ ዛሬም ያልተዘጋ ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። ብዙዎቻችን የለመድነው «ራስ ዳሽን» የሚለውን ነው፤ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት ግን «ራስ ደጀን» ብሎ ይጽፈዋል። ደጀን ማለት በጦርነት ጊዜ ከተዋጊው ጀርባ ቆሞ የሚያግዝ፣ የሚያጸና ኃይል ነው። ፈረንጆች ስሙን ሰምተው በየቋንቋቸው ፊደል ሲጽፉት አንዱ «ደቸን»፣ ሌላው «ዳሻን» እያለው ሄዶ ሄዶ ወደ እኛው ተመልሶ «ዳሽን» ሆነ ይባላል። በ1995 የተቋቋመው ባንክ፣ በኋላም ጎንደር ላይ የተከፈተው የቢራ ፋብሪካ ይህንኑ ስም ስለያዙ ከእንግዲህ የሚለቅ አይመስልም። እኛ በበኩላችን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደጀን ብለነዋል፤ ትርጉም ያለው ስም ትርጉም ከሌለው ይሻላልና።

ከፍታውም እንደ ስሙ ሲለዋወጥ ኖሯል። በትምህርት ቤት የሸመደድነው 4,620 ሜትር ከየት መጣ ያልን እንደሆነ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በእንግሊዝ አገር የታተሙ መጻሕፍት ተራራውን 15,160 ጫማ ይሉታል፤ ይህ በሜትር ሲመነዘር ያው 4,620 ነው። የዚያን ዘመን ተጓዦች ከፍታ የሚለኩት የአየርን ክብደት በሚያሳይ የሜርኩሪ ቱቦ ወይም ውሃ አፍልተው የፈላበትን ሙቀት በማየት ነበር። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ በራስ ደጀን ጫፍ ላይ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። (እዚያ ምስር መቀቀል የፈለገች እመቤት እንጨቷን ታብዛ።) ይህ ዓይነቱ ልኬት በአየሩ ጠባይ ስለሚሳሳት ኋላ የመጡት መለኪያዎች ቁጥሩን ዝቅ አደረጉት፤ 4,533 ያሉም 4,543 ያሉም አሉ፤ ዛሬ በብዛት የሚጠቀሰው 4,550 ሜትር ነው። «ከአፍሪካ አራተኛ ነው» የሚባለውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። 4,620 ከሆነ ከታንዛኒያው ሜሩ ተራራ ይበልጣል፤ 4,550 ከሆነ ግን ሜሩ በጥቂት ሜትር ይቀድመዋል፤ የሩዌንዞሪ ጫፎች አንድ በአንድ ከተቆጠሩ ደግሞ ደረጃው አሥረኛ ገደማ ነው። በዚህ የሚያዝን አባል ቢኖር፣ የብሪታንያ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ብቻ መሆኑን እናስታውሰዋለን፤ ሦስት ቤን ኔቪስ ቢደራረብ እንኳ ራስ ደጀንን አያክልም።

ስለ ሰሜን ተራሮች የተጻፈው ጥንታዊ ማስረጃ ስለ በረዶ የሚናገር መሆኑ ይገርማል። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአዱሊስ ወደብ አንድ የአክሱም ንጉሥ በግሪክ ቋንቋ ያስቀረጸውን ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። ንጉሡ ካስገበራቸው ሕዝቦች መካከል ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት የሰሜን ሰዎች ይገኙበታል፤ አገራቸውም ለመውጣት የሚያስቸግር፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ የሞላበት ተራራ መሆኑ ተገልጿል። ወንዙ ዓባይ ተብሎ ቢጻፍም ተከዜ መሆን እንዳለበት ሊቃውንት ይናገራሉ። ከዚያ ከብዙ ዘመን በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 መጀመሪያ በሊማሊሞ በኩል ወደ ጎንደር ሲያልፍ በረዶ ስላላየ በሰሜን በረዶ አለ የሚለውን ወሬ አልተቀበለውም። በ1807 ግን ናትናኤል ፒርስ የተባለው እንግሊዛዊ መርከበኛ በዚያው ተራራ በረዶ ላይ ተጉዞ አለፈ፤ የአገሩ ሰውም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ዛሬም ቢሆን በክረምትና በብርድ ወራት በረዶ ይጥላል፤ እንደ አውሮፓው ግን ብዙ አይቆይም።

ተራራው ለአባቶቻችን የመሸሸጊያም የጸሎትም ቦታ ነበር። ቅዱስ ያሬድ በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ሰሜን ሄዶ በዚያ እንደ ተሰወረ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች፤ ከራስ ደጀን በስተሰሜን ያለው ተራራ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቤተ እስራኤሎችም በእነዚሁ አምባዎች ላይ የራሳቸው መሳፍንት ነበሯቸው። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ1579 ራዳይ በተባለው መሪያቸው ላይ በዘመቱ ጊዜ ተከላካዮቹ ከአምባው ላይ ቋጥኝ እየለቀቁ ሠራዊቱን አስቸግረውት ነበር። በራስ ደጀን ላይም ጫፉ ከመድረሱ በፊት በ4,300 ሜትር አካባቢ የድንጋይ ምሽግ ፍርስራሽ ይገኛል።

ይህን ምሽግ የምናነሣው ያለ ነገር አይደለም። በዓለም የተራራ መዝገብ ላይ ራስ ደጀንን በመጀመሪያ የወጡት ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ጦር መኮንኖች መሆናቸው ተጽፏል፤ ዓመቱም 1841 ነው። ሁለቱ ሰዎች ጠንካራ ተጓዦች ነበሩ፤ ስለ ትግራይ፣ ስለ ሰሜንና ስለ ዐማራ ያዘጋጁት መጽሐፍም ለታሪክ ጠቃሚ ነው፤ ድካማቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ከጫፉ በታች ጥቂት መቶ ሜትሮች ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ምሽግ የገነባ ሰው፣ ከብት ፍለጋ ያን ገደል ሲወጣና ሲወርድ የኖረ እረኛ፣ አንድ ቀን ጫፉ ላይ ሳይቆም ቀረ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ልዩነቱ እረኛው መጽሐፍ አለማሳተሙ ነው። ፈረንሳውያኑን መንገድ እየመራ፣ ዕቃቸውን እየጫነ ያወጣቸው ሰው ማን እንደ ነበረም መዝገቡ አያነሣም።

በዚያን ዘመን የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ፤ ወደ ተራራው የሚሄድ ሁሉ በእሳቸው ፈቃድ ነበር የሚያልፈው። ደጃዝማች ውቤ ዛሬ ጃናሞራ በሚባለው ወረዳ፣ በደረስጌ፣ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ በሥራውም ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር ተካፍሎበታል። ቤተ ክርስቲያኑን ያዘጋጁት ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሊቀቡበት ነበር ይባላል። ሆኖም በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ገጥመው ድል አደረጓቸው፤ ከጦርነቱ በኋላ በሁለተኛው ቀን በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ያዘጋጁትን ድግስ ካሣ በሉት ማለት ነው። ውቤም በእስር ኖረው በ1867 ዐረፉ።

ይህ ታሪክ እኛን የለንደን ነዋሪዎችን በቅርብ ይነካናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ኋላ የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ከእርሷም ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ከመቅደላ በኋላ በ1868 ወደ እንግሊዝ የመጣው፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ የሞተውና በዊንድዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት የተቀበረው ይህ ልጅ በእናቱ በኩል የሰሜን ሰው ነው። ብዙዎቻችን በየዓመቱ ዊንድዘር እየሄድን ስንጸልይለት የቴዎድሮስ ልጅነቱን እንጂ የውቤ የልጅ ልጅነቱን አናስበውም። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 እንዳልተቀበለው፣ በዚያው ዓመት ግን ከጠጉሩ የተቆረጠ ቁራጭ በአንድ ቤተሰብ ተጠብቆ ኖሮ ለኢትዮጵያውያን እንደ ተመለሰ ይታወሳል። ከዘመዶቹ አገር እስከ ዊንድዘር የደረሰበትን መንገድ ስናስብ፣ የመጀመሪያውን ክፍል በበቅሎና በእግር፣ የቀረውን በመርከብ ነበር የመጣው።

ወደ መንገዱ ጉዳይ እንመለስ። እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ ወደ ሰሜን ተራሮች ጎማ የሚባል ነገር አልደረሰም። ጣልያኖች ከ1936 በኋላ ከአሥመራ በዐድዋ አድርጎ ጎንደር የሚገባውን መንገድ ሲሠሩ፣ ከደባርቅ በስተሰሜን ያለውን የሊማሊሞን ገደል እየጠመዘዙ አወጡት። ያን መንገድ በአውቶቡስ የወጣ ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ አይረሳውም፤ ወደ ታች ላለማየት ዐይኑን ጨፍኖ ማርያም ማርያም ሲል የነበረ ሁሉ ይመሰክራል። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ከሊማሊሞ ራስ ላይ በወልቂፊት ምሽግ ይዘው ነበር፤ አርበኞቻችንና የእንግሊዝ ጦር ከብበው ቆይተው በመስከረም ወር 1941 እጁን እንዲሰጥ አደረጉት። ጎንደርም በኅዳር ተከተለች።

እንግዲህ መኪና ደባርቅ ደረሰ እንጂ ራስ ደጀን አልደረሰም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተራራውን ማየት የፈለገ ሁሉ ደባርቅ ላይ ከመኪናው ወርዶ በቅሎ ይከራይ ነበር። አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ በ1966 መጨረሻና በ1967 መጀመሪያ ጆክ ብላ የሰየመችውን በቅሎ እየነዳች ሰሜንን ያቋረጠችው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ በ1910 የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በ1960 በሰሜን ኢትዮጵያ ላሊበላ ድረስ በእግርና በበቅሎ ሲጓዝ፣ መኪና የሚባለውን ነገር አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር። ይህ ሰው የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው ከእኛ በስተደቡብ በክሮይደን በኩል አልፎ በሚገኘው በኩልስደን ሲሆን በ2003 አርፏል። በአካባቢያችን እንዲህ ያለ ሰው ይኖር እንደ ነበር ከእኛ ስንቱ ያውቅ ነበር?

በ1969 የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ተቋቋመ፤ ከመጀመሪያዎቹ ኃላፊዎች አንዱ ዌልሳዊው ክላይቭ ኒኮል ነበር። ፓርኩ የተቋቋመው በዋነኛነት ከዚያ በስተቀር በዓለም በየትም የማይገኘውን ዋልያን ለማዳን ነው። የብሔራዊ ቡድናችንን ተጫዋቾች «ዋልያዎቹ» እያልን በቴሌቪዥን ፊት የምንጮኸው በዚህ እንስሳ ስም ነው። በ1978 ፓርኩ ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በዚያን ጊዜ በተከለለው ወሰን ውስጥ ራስ ደጀን ራሱ አልነበረበትም፤ ወሰኑ የሰፋው ኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ የመኪናው መንገድ መጣ። ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ አልፎ፣ 4,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የቧሂትን በር ተሻግሮ ወደ ጃናሞራው መካነ ብርሃን የሚወርደው መንገድ በፓርኩ መሐል ተሠራ። በ1996 ዩኔስኮ ሰሜንን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ጋር ሲመዘግበው ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል የዋልያ ቁጥር መቀነስ፣ የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት፣ እንዲሁም ይኸው መንገድ ይገኙበታል። ይህን የሰማ የለንደን ሰው ወዲያው «መንገዱ ባልተሠራ ኖሮ» ይላል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ጃናሞራና በየዳ ከዚያ በፊት ከዋና መንገድ ተለይተው የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ በሰው ትከሻ ቀናት ትጓዝ በነበረበት አገር፣ ገበሬው ገብሱን በአህያ ጭኖ ገደል ሲወርድ በኖረበት አገር፣ መንገድ ለተፈጥሮ ውበት ሲባል ይቅር ማለት ለተመልካች እንጂ ለኗሪ አይቀልም። ችግሩ መንገድ መሠራቱ ሳይሆን የት እንደ ተሠራ ነው። ኋላ ላይ ፓርኩን የሚዞር ሌላ መንገድ እንዲሠራ መታቀዱም ይህንኑ ያመለክታል። ሰሜን ከአደጋው መዝገብ የወጣው በ2017 ነው።

ለዚህም ትልቅ ዋጋ የከፈሉ አሉ። በፓርኩ እምብርት በግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች በ2016 ቤታቸውን ለቅቀው ደባርቅ ከተማ ዳር እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። በ3,600 ሜትር ላይ ገብስ ሲያርስና በግ ሲያረባ የኖረ ገበሬ በከተማ ምን ሠርቶ ይበላል የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አገርን ለቆ አዲስ ቦታ ከዜሮ መጀመር ምን እንደ ሆነ ለዚህ ማኅበር አባላት ማስረዳት አያስፈልግም። ግጭ ዛሬ የሣር ሜዳ ሆኗል፤ ጭላዳ ዝንጀሮ ይግጥበታል፤ ጎብኚ ፎቶግራፍ ያነሣበታል።

መኪናን እስከ ተራራ ጫፍ ማውጣት የሚለው ሐሳብ በዚህም አገር ታሪክ አለው። በ1911 ሄንሪ አሌክሳንደር የተባለ የኤዲንብራ ወጣት፣ አባቱ የፎርድ መኪና ሻጭ ስለ ነበረ፣ አንድ ሞዴል ቲ ፎርድ በረግረጉና በቋጥኙ ላይ እየነዳ አምስት ቀን ፈጅቶ ቤን ኔቪስ ጫፍ አደረሰ። ለማስታወቂያ ነበር፤ ተሳካለት። መቶኛው ዓመት በ2011 ሲከበር ግን ዓይነቱ ያው የሆነ መኪና ተፈታትቶ በበጎ ፈቃደኞች ትከሻ ነው የወጣው። በዌልሱ ስኖውደን ላይ ደግሞ ከ1896 ጀምሮ ባቡር ይወጣል። በእኛም አገር መኪና የሚወጣው ትልቅ ተራራ አለ፤ የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ሲሆን በሳነቴ አምባ በኩል መኪና ከጫፉ ይደርሳል። ስለዚህ ጉልበታቸው እንቢ ያላቸው አባሎቻችን ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ቆሞ ማየት ካማራቸው ባሌ አለላቸው። የምንኖርበት የስትሪትሃም ስም ራሱ ትርጉሙ «በጥርጊያው መንገድ ዳር ያለ መንደር» ነው፤ ሮማውያን በሠሩት መንገድ ላይ የተቆረቆረ ሰፈር ነውና መንገድን ልንጠላ አይገባንም።

ራስ ደጀን ግን በመኪና ጫፉ አይደረስም። የሚቻለው መንገዱን በከፊል በመኪና ማሳጠር ነው። በእግር ብቻ የሚሄድ ሰው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ እያደረ፣ ወደ አምስት መቶ ሜትር ቁልቁል የሚወረወረውን የጅንባርን ፏፏቴና 3,926 ሜትር ላይ ያለውን የእሜት ጎጎን አፋፍ እያየ ይሄዳል፤ ደርሶ መልሱ ስምንት እስከ አሥር ቀን ይወስዳል። ጅብራው፣ ጓሳው፣ አስታው፣ በዕድሉም ቀይ ቀበሮው የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። መኪና የያዘ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቀናት በጥቂት ሰዓት አልፎ ጨነቅ ወይም የቧሂት በር ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ለሁሉም እኩል ነው። ከቧሂት እስከ መሸሃ ወንዝ ድረስ ወደ 1,400 ሜትር ይወረዳል፤ ከወንዙ ተነሥቶ በአምቢኮ መንደር አድሮ እስከ ጫፉ ድረስ ደግሞ ወደ 1,750 ሜትር ይወጣል። ያን ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ሆኖ እንደሚጠብቃቸው ያላሰቡ ብዙዎች መሸሃ ላይ ይመረራሉ። ጫፉ ራሱ አለት ነው፤ እጅም እግርም ይጠይቃል እንጂ ገመድ አያስፈልገውም።

በመኪና የሚያሳጥር ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለችው ከለንደን ተነሥቶ በሁለት በሦስት ቀን 4,200 ሜትር ላይ የሚገኝ ሰው ራሱን ይፈልጠዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ሲብስም ሳንባውንና አንጎሉን ውሃ ሞልቶት ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ የሚታደርበትን ቦታ በቀን ከአምስት መቶ ሜትር በላይ አለማሳደግን ሐኪሞች ይመክራሉ። ጎንደር ላይ ጥቂት ቀናት መቆየት፣ ደባርቅም ማደር ይረዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ ባይነሣ ይሻላል።

የእኛ አስተያየት ቢጠየቅ፣ አቅም ያለው ሰው ከደባርቅ ጀምሮ በእግሩ ቢሄድ እንመርጣለን። ምክንያታችን የስፖርት አይደለም። በእግር የሚሄድ እንግዳ መሪ፣ ጠመንጃ የያዘ የፓርክ ስካውት፣ ባለ በቅሎና ምግብ አብሳይ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ከመንደር እንቁላልና በግ ይገዛል፤ ቡና ይጠራል፤ ዋጋውም እዚያው ይቀራል። በመኪና ደርሶ የሚመለሰው ግን ጎንደር ባለ ሆቴል አድሮ፣ ምሳውን ከጎንደር ጭኖ፣ ለሰሜን ሰው አቧራ ትቶለት ይመለሳል። በሺህ ስምንት መቶዎቹ ፈረንሳውያኑን የመራው ሰው ስሙ ሳይጻፍ ቀረ፤ የዛሬው ባለ በቅሎ ቢያንስ የቀን ዋጋውን ማግኘት አለበት። ልጆቻችንም በአማርኛ ከእርሱ ጋር ማውራት ቢችሉ፣ ይህ ከጫፉ ይልቅ ትልቅ ነገር ይሆንላቸዋል። በእግር የማይችሉ አባቶችና እናቶች በመኪና እስከ ጨነቅ መጥተው፣ ዋልያውን ከአፋፉ ላይ አይተው፣ ወጣቶቹ ከራስ ደጀን እስኪመለሱ ቢጠብቁ ደግሞ ክርክሩ የሚታረቅ ይመስለናል።

ይህን ሁሉ የምንለው ግን መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። በኅዳር 2020 በተጀመረው ጦርነት ጊዜ ውጊያው በ2021 ደባርቅና ዳባት አካባቢ ደርሶ ብዙ ሰላማዊ ሰው አልቋል። የፕሪቶሪያው ስምምነት በኅዳር 2022 ከተፈረመ በኋላ ጎብኚ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ከነሐሴ 2023 ወዲህ ግን በዐማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ጉዞውን አቋረጠው። የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ ክልሉ እንዳይኬድ በሚያሳስብበት ጊዜ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንስ አይሠራም፤ ይህን ሳያጣሩ ትኬት መቁረጥ አይገባም። በሰሜን ጎብኚ መቅረቱ ለእኛ የዓመት ዕረፍት መሰረዝ ነው፤ በደባርቅ ተራ እየጠበቀ በቅሎውን ለሚያከራይ ሰው ግን የልጆቹ እንጀራ ነው። እንግዳ ሲጠፋ በቅሎው ይሸጣል፤ የፓርኩ ጠባቂ ሲቸገር ዋልያውም ይታደናል። የዋልያ ቁጥር ባለፉት ዓመታት በጣም መቀነሱ እየተነገረ ነው። በሚያዝያ 2019 ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ ሣሩን በቅጠል እየመታ ቀንና ሌሊት የተጋደለው በዋነኛነት ይኸው የአካባቢው ሕዝብ ነበር፤ ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ሄሊኮፕተር የደረሱት ኋላ ነው።

የማኅበሩ የጉዞ ንዑስ ኮሚቴ እስከዚያው ድረስ ወጣቶቹን ለማለማመድ በበጋ ስኖውደንን በእግር የመውጣት ሐሳብ አለው፤ በባቡር መውጣት የሚፈልጉ አባቶችና እናቶችም አብረው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ከአባሎቻችን መካከል በቀድሞው በጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት በመምህርነት፣ በጤና ረዳትነት ወይም በሌላ ሥራ ላይ የነበራችሁ፣ በጃናሞራና በበየዳ በእግር የተጓዛችሁ ሁሉ የምታስታውሱትን የመንደር ስም፣ የመንገድና የሰው ስም ጽፋችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ብትሰጡን ለሚቀጥለው እትም እናቆየዋለን። ፎቶግራፍ ያለው ሰው ቅጂውን ይስጠን፤ ዋናውን እንመልሳለን።